የማኅበራችን ብልቃጥ

ሰውየውን ከማወቄ በፊት ያወቅሁት ሽታውን ነው። አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ባለቤቴ ብርቄ በተኛችበት የሆስፒታል ክፍል ከአልጋዋ ራስጌ ተቀምጬ ሳንጎላጅ፣ ከጎናችን ካለው አልጋ አንድ ሽታ መጣ። መረር ያለ፣ በአፍንጫ ገብቶ ምላስ ላይ የሚቀመጥ ዓይነት ነው። የካፕሱል ሽታ። ዛሬ ካፕሱሉ አንድ በአንድ ታሽጎ ስለሚመጣ ልጆቻችን ይህን ሽታ አያውቁትም። እኔ ግን ሠላሳ ምናምን ዓመት ልብሴም ጣቴም የምበላው እንጀራም እሱን እሱን ሲል የኖርሁ ሰው ነኝ። ዓይኔን ስገልጥ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ጀርባቸውን ለነርሶቹ ሰጥተው፣ ከትንሽ ቡናማ ብልቃጥ አንድ ቀይና ቢጫ ፍሬ መዳፋቸው ላይ ያራግፋሉ። አልጋው ላይ የተኛችው ሴት አፏን ከፍታ ትጠብቃለች።

«ምንድን ነው የሚያቅሟት?» አልሁ፤ የድሮው የክሊኒክ ቁጣዬ ሳላስበው መጣ።

ሽማግሌው ዞረው አዩኝ። ቆይተው ደግሞ አዩኝ። ብልቃጡን ጋቢያቸው ውስጥ ሸጉጠው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ኧረ በሚካኤል! እርስዎ ዶክተር አይደሉም እንዴ? የኛ ዶክተር?»

ዶክተር አይደለሁም፤ ሆኜም አላውቅም። በዚያ ዘመን ማዕረጋችን ድሬሰር ይባል ነበር። ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋት፣ ክኒን መቁጠር ጥቂት ወር ያስተምሩንና ነጭ ጋዋን አልብሰው ወደ ገጠር ይልኩናል። የጉና ተራራ ግርጌ ሰው ከዚያ ጋዋን የበለጠ ሐኪም አይቶ ስለማያውቅ ዶክተር አለኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት «ኧረ አይደለሁም» እያልሁ ስከራከር ሰነበትሁ፤ በሁለተኛው ሳምንት ዝም አልሁ፤ ከዚያ ወዲያማ ዶክተር ብሎ ያልጠራኝን መቀየም ጀመርሁ። ሽማግሌው አያ ሙጬ ነበሩ፤ የሚካኤል ማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም የማኅበሩ አለቃ። ስለያቸው ጺማቸው ጥቁር ነበር። አልጋው ላይ ያለችውን እየጠቆሙ «ልጄ ዘርፌ ናት እኮ፤ ያቺ እርስዎ ያዳኗት ሕፃን» አሉኝና ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ ትከሻዬን ሳሙኝ። የአራት ልጆች እናት ሆናለች። አምስተኛውን በቀዶ ጥገና ወልዳ፣ ልጁም አልተረፈ፣ የተሰፋው ሆዷም አልገጥም ብሎ መግል ይዟል። ያን ብልቃጥ ያስለመድኋቸው እኔ ነኝ፤ ለዚህም ነው ሽታው ያስደነገጠኝ።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ መንግሥት ሊለወጥ ነበር ወይም ገና ተለውጦ ነበር፣ እንዲያ ያለ ነገር ነው። የማስታውሰው የአውቶቡሱን ሒሳብ ነው። ከደብረ ታቦር ጋሳይ በአንድ ብር ከሃምሳ ወረድሁ። ከመናኸሪያው ጥግ፣ ልባሽ ጨርቅ መሬት ላይ አንጥፈው ከሚሸጡት ዘንድ፣ አንገቱ ጠጉራም የሆነ ካፖርት በስምንት ብር ገዝቻለሁ፤ እጅጌው ረዝሞ ጣቶቼን ይሸፍናል። እግሬ ላይ የኮንጎ ጫማ አለ፣ ቁርጭምጭሚት የሚልጥ። ጋሳይ ስደርስ ጭጋጉ መንገዱ ድረስ ወርዶ ነበርና ከአንድ ሱቅ በር ላይ ተጠጋሁ። ባለሱቁ እንድሪስ የሚባል ነጋዴ ነው። ስኳር፣ ላምባ፣ የሽንሽን ቀሚስ ጨርቅና ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ ሬድዮ አለው፤ ሬድዮው የክራር ዘፈን ሲያሰማ የገበያው ሰው ሁሉ ቆም እያለ ያደምጣል። ከሱቁ ፊት ለፊት አንዲት አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ትሸጣለች፣ ሦስቱን በአሥር ሳንቲም። በላሁ። ደግሜ በላሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ስመጣ «ሆድህ ነው ወይስ ዓይንህ የራበው?» አለችኝ። ብርቄ እሷ ናት። በዓመቱ ጉና ግርጌ ባለችው የሣር ክዳን ክሊኒክ የብርጭቆ መርፌዎቹን በጀበና ማፍያ ምድጃዬ ላይ የምትቀቅልልኝ እሷ ሆነች፤ ውሃው ሲፈላ መርፌዎቹ ድስቱን ሲያንኳኩ የሚያሰሙት ድምፅ የትዳራችን ዘፈን ነበር ብል አላጋነንሁም።

ያን ጊዜ ደጋውን የሚፈጀው ግርሻ ነበር። ከቅማል የሚመጣ ትኩሳት ነው። ሰውየውን ጥቂት ቀን ያቃጥለውና ይተወዋል፤ ዳነ ሲሉት ተመልሶ ይጥለዋል። ጉና ላይ ብርዱ ሰውን አንድ ለምድ ሥር ስምንት አድርጎ ስለሚያስተኛው፣ አንዱን የያዘ ቤቱን ሁሉ ይይዛል። ለዚህ በሽታ ግን አንድ መርፌ ፔኒሲሊን ይበቃው ነበር። አንድ! በቃሬዛ የመጣ፣ ዘመዶቹ መገነዣውን ይዘው የተከተሉት ሰው፣ አንድ መርፌ ወግቼው በሦስተኛው ቀን ገብስ ሲያጭድ አየዋለሁ። ይህን ያየ ገና ጺሙን ያልላጨ ወጣት ምን ይሆናል? ያብዳል እንጂ። እጄን ይስሙታል፣ «እጁ መድኃኒት ነው» ይላሉ፤ እኔም ማታ ማታ እጄን አገላብጬ አየዋለሁ። ከዚያ ነው ስህተቴ የጀመረው። አንድ መርፌ ለግርሻ ከበቃ፣ ለሳንባ ምችስ ሰባት ቀን ሙሉ መውጋት ምንድን ነው? ለቁስልስ ሃያ ካፕሱል መዋጥ ምን የሚሉት ብክነት ነው? መጽሐፉ ሰባት ቀን ይላል፤ መጽሐፉን የጻፈው ሰው ግን መድኃኒት በዓመት ሁለት ጊዜ በበቅሎ የሚደርስበትን ክሊኒክ አያውቅም ብዬ ተሳለቅሁበት።

ዘርፌ ሁለት ዓመት ሳይሞላት የሳንባ ምች ያዛት። አያ ሙጬ በለምድ ጠቅልለው በዝናብ አመጧት፤ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ የጎድን አጥንቷ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ለሰባት ቀን የሚበቃ መድኃኒት ነበረኝ። በሦስተኛው ቀን ጧት ልጅቱ የጋዋኔን ቁልፍ ይዛ ሳቀች። የቀረውን አራት ቀን በዚያው ሳምንት ለመጣ ለሌላ ሕፃን አደረግሁት። እሱም ዳነ። በአንድ ሕፃን መድኃኒት ሁለት ሕፃን አዳንሁ ብዬ እንዴት እንደተኩራራሁ! ብርቄ ራሷ «ጎበዝ» አለችኝ፤ እሷ ጎበዝ ለማለት ደግሞ ቸኩላ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ካፕሱል የወሰደውን ሁሉ «ትኩሳቱ ከለቀቀህ አቁም፤ የተረፈህን መልስ» እል ጀመር። እንድሪስም በሱቁ ቀይና ቢጫውን ካፕሱል ከስኳሩ ጎን በሥሙኒ በሥሙኒ ይሸጥ ስለነበር፣ ከእሱ የተገዛውም ትራፊ ይመጣልኛል። ሁሉንም አንድ ቡናማ ብልቃጥ ውስጥ አጠራቀምሁት። ብልቃጡ የት ይቀመጥ የሚል ጥያቄ ሲመጣ መልሱን የሰጡት አያ ሙጬ ነበሩ። የሚካኤል ጽዋችን በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ወር በገባ በአሥራ ሁለት ቀን ተሰብስበን ጠላችንን ጠጥተን ዳቧችንን ቆርሰን ስናበቃ፣ ጽዋውን ለባለተራው እናሸክመዋለን። ብልቃጡም ከጽዋው ጋር ይዙር አሉ። ጽዋው ያለበት ቤት መድኃኒቱም አለ፤ የታመመ ሰው ወደ ባለተራው ሄዶ ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ ይወስዳል፤ የተረፈው ያመጣል። ከአንድ ወንዝ የምንጠጣ ሰዎች ነን፣ ገብሱንም በሬውንም ተካፍለን ነው የምንኖረው፣ መድኃኒቱን ብቻ አንድ ሰው ለብቻው ጨርሶ ቢውጠው ነውር ይሆን ነበር። ይህን ሁሉ ሳስበው ዛሬም የሚያምር ነገር ነበር። ያንገበገበኝም ማማሩ ነው፤ ክፉ ሐሳብ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው ይቃወመኝ ነበር።

ብርቄ የወደቀችው ከቤታችን ደጃፍ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደብረ ታቦር ነው የምንኖረው፤ ክረምቱ ጓሯችንን አላቁጦት ነበርና ዶሮ ስታባርር አዳለጣት። ጭኗ ተሰበረ። ሆስፒታሉ የቱ እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም፣ ከሦስት ቦታ አስተኝተናታልና ጀርሙን ከየት እንዳገኘችው የሚያውቅ የለም። ብረት ገባላት፣ ተሰፋች፣ ቤት ልንገባ ስንል ቁስሉ ሞቀ፣ ቀላ፣ ከዚያ ፈሰሰ። የሚያውቁትን መድኃኒት ሁሉ ሰጧት። እኔ የምመካበትን ፔኒሲሊንማ ማንም አልጠራውም። አንድ ቀን ሐኪሟ፣ የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ትሑት ልጅ፣ ከላቦራቶሪ የመጣውን ወረቀት ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ከቁስሉ መግል ተወስዶ፣ ጀርሙን አሳድገው፣ መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ ሞክረውበታል። በእያንዳንዱ መድኃኒት አንጻር አንድ ፊደል ተጽፏል።

«አባባ፣ ይኼ አር የሚለው ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዶታል፣ አይሞትም ማለት ነው» አለችኝ።

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየሁት። አር፣ አር፣ አር። ወጣት ሆኜ ተአምር የሠራሁባቸው ሁሉ ተሰልፈው አር ይላሉ። ከታች አንድ ብቻ ኤስ አለ።

«ይኼኛው ይገድለዋል። ግን እኛ ጋ የለም፤ ከተማው ውስጥም የለም። ካገኛችሁም ለአሥራ አራት ቀን ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አንድም ሳይጎድል። ሲጎድል ይኼንንም ይለምደዋል፣ ከዚያ ወዲያ የምሰጣት አይኖረኝም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የዘርፌም ውጤት መጥቷል። ያው ነው።»

ያን ጊዜ ስለ ብልቃጡ ነገርኋት። ለምን እንደነገርኋት አላውቅም፤ ንስሐ አባቴን ያገኘሁ መሰለኝ መሰል። ሳትቆጣ አደመጠችኝ። «የእርስዎ ብልቃጥ ብቻ አይደለም አባባ። እኛም ሳይታዘዝ እንሰጣለን፣ ፋርማሲውም ይሸጣል፣ እጅም ሳንታጠብ ከአልጋ አልጋ እንሄዳለን» አለችኝ። ደግ ልጅ ናት። ነገር ግን ሰው ጥፋቱን ለብዙ ሰው ሲያካፍሉለት አይቀልለውም፤ እኔን አልቀለለኝም። ወጥቼ አያ ሙጬን ብልቃጡን እንዲሰጡኝ ለመንኋቸው። «የወሩ ተራ የኔ ነው፣ ከማኅበሩ ሳልማከር እንዴት እሰጣለሁ?» አሉ። በመጨረሻ ነርሷ ደርሳ ነጥቃ ወሰደችው። አያ ሙጬ ባዶ መዳፋቸውን ጋቢያቸው ውስጥ መለሱ። የወሰደችባቸው መድኃኒት አልነበረም፤ ጠዋት ላይ ለብርቄም ሦስት ፍሬ ቆጥረው ሊሰጡኝ ሞክረው ነበርና ልግስናቸውን ነው የወሰደችው።

ልጃችን ባሕር ዳር ገብቶ አንድ ሳምንት ሲንከራተት ቆየ። ከአንዱ ፋርማሲ አምስት፣ ከሌላው ዘጠኝ፣ ከአንድ የሞተ ሰው ቤተሰብ እጅ የቀረውን እየለቀመ፣ ልክ ለአንድ ሰው የሚበቃ አጠራቅሞ መጣ። ትርፍ አንድ የለው። በመጣ ማግስት የባሕር ዳሩ መንገድ ተዘጋ። መንገድ መዘጋት ለእኛ እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷልና ማንም ለምን አላለም፤ መቼ ይከፈታል ብቻ ነው ጥያቄው፣ እሱንም የሚያውቅ የለም።

የመድኃኒቱን ካርቶን ታቅፌ በሆስፒታሉ ጓሮ በኩል ስገባ፣ አስታማሚዎች ልብስ አጥበው ከሚያሰጡበት ሣር ላይ አያ ሙጬ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ተነሡልኝ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

«እንኳን ደስ አለዎት። ተገኘ አሉ።»

«ተገኘ፣ አያ ሙጬ።»

«እንግዲህ ዶክተር...» ጋቢያቸውን አጣፉ፣ መልሰው ፈቱት። «ግማሹን ለዘርፌ ያርጉላት። ግማሹ ለእትዬ ብርቄ ይሁን። አንድ ቤት ነን እኮ።»

ላስረዳቸው ሞከርሁ። ሰባት ቀን ለዚያች፣ ሰባት ቀን ለዚህች ከሆነ ጀርሙ ይደክማል እንጂ አይሞትም፤ ሲነሣ ደግሞ ይህንንም ለምዶ ነው የሚነሣው፤ ሁለቱም ይሞቱብናል አልኋቸው። ከልቤ ነው ያስረዳሁት፣ ቃል በቃል የሐኪሟን። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ፤ ሳበቃም እንዲህ አሉኝ፦

«ዘርፌ ሕፃን ሳለች በሦስት ቀን አዳኗት። የቀረውን ለዚያ ለጎረቤቴ ልጅ ሰጡ። ያን ጊዜ ሁለቱም ዳኑ። መካፈሉን ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም?»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲሳም የኖረ እጄ ካርቶኑን ወደ ደረቴ አስጠግቶ ነበር፤ እሱን ያየሁት በኋላ ነው። አያ ሙጬ ግን አዩት። አልተቆጡም። «ይሁን እንግዲህ፤ እግዜር ያውቃል» ብለው የልጃቸውን ነጠላ ገልብጠው ሊያሰጡት ሄዱ።

ለብርቄ ባልነግራት ይሻል ነበር። ግን አርባ ዓመት አብረን ኖረን እሷ ፊቴን አይታ ያላወቀችው ነገር የለም። ነገርኋት። ትኩሳቱ ፊቷን አመድ አስመስሎታል፣ ዓይኗ ብቻ ያው ያ ድንች ሻጭዋ ልጅ ነው። ወደ ዘርፌ አልጋ ዞር ብላ አየች። ዘርፌ ተኝታለች፤ አንድ እጇ ጡቷ ላይ ነው፣ ወተቱ አሁንም ይመጣባታልና ያማታል።

«ለሁለት የማይከፈል ከሆነ አይከፈል» አለችኝ ብርቄ። «ሙሉውን ለሷ ስጣት።»

«አብደሻል!»

«አላበድሁም። ስማኝ አንተ ዶክተር። አራት ልጅ አላት። እኔ ልጄን አሳድጌያለሁ፣ ድሬያለሁ፣ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ይቺን ሬሳ አድርገህ እኔን እያነከስሁ ቤት ብታስገባኝ፣ እህል በጉሮሮዬ የሚወርድ ይመስልሃል?»

ተከራከርሁ። ለመንሁ። አለቀስሁም፤ ዕድሜው አልፏል ያልሁት እንባ ካፖርቴ ላይ ወረደ። እሷ ግን እንዲህ ስትሆን ማንም አይመልሳትም። «በሚካኤል ማልልኝ» አለችኝ። አላደርገውም ብላት፣ «እንግዲያው መርፌውን ራሴ ነቅዬ እጥለዋለሁ» አለች፤ ታደርገዋለች። ማልሁላት። በሚካኤል እሰጣታለሁ አልሁ። ወዲያው አያ ሙጬን በእጇ ጠርታ ነገረቻቸው። አያ ሙጬ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ያዙ። እኚያ አዛውንት፣ ማኅበራችንን ያን ያህል ዘመን የመሩ ሰው፣ ጉልበቴ ላይ ፊታቸውን አድርገው ተንሰቀሰቁ።

ካርቶኑን ይዤ ወደ ነርሷ ጠረጴዛ ሄድሁ። ከአልጋዎቹ እስከ ጠረጴዛው ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። አምላክ ምስክሬ ነው፣ ዘርፌ ልል ነው የሄድሁት። እስከ መሐል ድረስ እንዲያው ነበርሁ። ከዚያ ቤታችንን አሰብሁት፤ ያለ ብርቄ ያለውን ቤት፣ ከበሩ ኋላ የተሰቀለ ነጠላዋን፣ ገብቼ ማንም «መጣህ?» የማይለኝን ቤት። ነርሷ መዝገቧን ገልጣ ቀና አለች። «የማን ነው አባባ?»

«የብርቄ» አልሁ።

ሌላ ምንም አልተናገርሁም። የመድኃኒቱ ማዘዣ በስሟ ነውና ነርሷ የምትጠይቀው ነገር አልነበራትም። ለዘርፌ ያው የቆየውን፣ አር የተባለውን መርፌ መስጠት ቀጠሉ። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ነው፣ ሁለቱም በውሃ ይበጠበጣል፣ በአንድ ዓይነት ስሪንጅ ይገባል፤ ብርቄም አያ ሙጬም ሊለዩት አይችሉም። መለየት የምችለው እኔ ብቻ ነበርሁ። ሐኪሟን ሁለቱ አልጋዎች አጠገብ ስለ መድኃኒቱ እንዳትናገር «ሕመምተኞቹ እንዳይጨነቁ» ብዬ አደራ አልኋት፤ የዋህ ናትና እሺ አለችኝ። መርፌው የዘርፌ ክንድ ላይ ሲገባ አያ ሙጬ ጠርሙሱን በአክብሮት እያዩ፣ «ገባላት ዶክተር?» ይሉኛል። «ገባላት» እላቸዋለሁ። በቀን ሦስት ጊዜ። አንድ ጊዜ ዘርፌ ራሷ እጄን ይዛ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ቀለል አለኝ መሰለኝ» አለችኝ። አልቀለላትም። እጇ እንደ ምጣድ ይፋጃል። በስድስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ የምሳ ሰዓት ደርሶ አስታማሚው ሁሉ ሳህን ሲያንኳኳ፣ አባቷ ውሃ ሊያመጡ በወጡበት ሞተች። የደረስሁት እኔ ነኝ። ዓይኗን የከደንሁት እኔ ነኝ።

ሬሳው ወደ ጉና በጭነት መኪና ሲሄድ አያ ሙጬ ተሰናበቱኝ። «ዘገየ እንጂ እናንተስ አላጎደላችሁም» አሉኝ። ከጋቢና ሆነው እጃቸውን ሲያነሡ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ከዚያ ወደ ብርቄ ተመለስሁ። ትኩሳቷ በርዷል፤ ስለ ዘርፌ እያለቀሰች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሾርባ ጠየቀችኝ።

አሥራ አራቱ ቀን ሞላ። ቁስሉ ደረቀ፣ ገጠመ። ብርቄ ቤት ገባች፤ መጀመሪያ በሁለት ምርኩዝ፣ ከዚያ በአንድ። እኔ በየጧቱ ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ የዩኒቨርሲቲው ልጅ ሁሉ ሲተራመስ በመስኮት እያየሁ እውነቱን ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። ብነግራት ከዚህ ቤት ትወጣለች፣ በአንድ ምርኩዝም ቢሆን ትወጣለች፤ አውቃታለሁ። ስለዚህ አልነግራትም። የዳነችውን ሴት እያየሁ ደስ ሊለኝ ሲጀምር፣ በደስታው መሐል የዚያች እጅ ግለት ይመጣብኛል። ቅዳሴ መሄድ ትቻለሁ፤ ብርቄ ጉልበቴን አሞኝ ይመስላታል፣ እየተነሣች በቅቤ ታሸኛለች።

ከዘርፌ አርባ በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት አያ ሙጬ መጡ። የባሕር ዳሩም መንገድ ተከፍቶ ነበር። ከጉና አንድ ጆንያ ድንች አሸክመው፣ ራሳቸውን እንደ ሐዘንተኛ ተላጭተው፣ ከሲታ ሆነው ነው የመጡት። ብርቄ ምርኩዟን ይዛ ከበር ተቀበለቻቸው፤ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ሲቀመጡ እግሯን ትኩር ብለው አዩት።

«ቆሙ እትዬ ብርቄ! እንዲያው በእግርዎ ቆሙ!»

«ይኸው። በዚያ በቆየው በተራው መርፌ ነው እኮ የዳንሁት አያ ሙጬ። ለኔም ድንቅ ነው የሆነብኝ።»

«ምን ድንቅ አለው። ስለሰጡ ነው። ለልጄ ብለው የራስዎን ስለሰጡ እግዜር በሌላ በኩል መጣልዎ። እኔማ በማኅበሩ ሁሉ ይኸንኑ ነው የማወራ፤ ልጆቿም ስማችሁን ጠርተው ነው የሚጸልዩ።»

ብርቄ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ወለሉን አያለሁ። አያ ሙጬ ሊሄዱ ሲሉ ተነሡ፤ ሽማግሌ ናቸውና ሳይመርቁ አይወጡም። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ወደ እኛ ዞሩ።

«ለልጄ ያደረጋችሁላትን፣ እግዜር ለናንተም እንዲያው ያድርግላችሁ» አሉ።

«አሜን» አለች ብርቄ።

ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ።

«አሜን» አልሁ።